ከአንጋፋ ጎን ለምትቆሚ ልጄ

ልጄ፣ የዚያን ዕለት የጠየቅሽኝን ነገር ሳብሰለስለው ሰነበትኩ። ስምሽ በወጣቱ ዘንድ ገኗል፤ መድረክ ላይ ብቅ ስትዪ ስልኩ ሁሉ ወደ አንቺ ይዞራል። አሁን ደግሞ ከአንድ አንጋፋ ድምፃዊ ጋር የድሮ ዘፈኖችን ልትቀጂ አስበሽ «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» አልሽ። እኔ ዕድሜዬን በሆቴል ባንድ ፒያኖ ላይ ተቀምጬ ዘፋኝን ከጀርባው ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታዳሚው ከፊት ሆኖ የማያየውን እኛ ከኋላ እናያለን፤ ጉልበት ሲብረከረክ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ግጥም ሲጠፋ።

ምክሬን ግን በራሴ ተሞክሮ ብቻ አላስረውም። ይህን ነገር አሳምረው ሠርተው ያሳዩት አንጋፋው አሜሪካዊ ድምፃዊ ቶኒ ቤኔትና የፖፕ ዘፋኟ ሌዲ ጋጋ ናቸውና የእነሱን ሥራ እያጣቀስኩ ልንገርሽ። ቤኔት በ1926 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ከጣሊያን ስደተኞች ቤተሰብ ተወለደ። ሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ የነበረው አባቱ የሞተው እሱ 10 ዓመት ሲሆነው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግረኛ ወታደር ሆኖ ጀርመን ድረስ ዘመተ፤ በምግብ ቤት አስተናጋጅነትም እየዞረ ዘፈነ፤ በ1951 ዘፈኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የአሜሪካን ሰንጠረዥ አናት ያዘ። ጋጋ ደግሞ በ1986 በዚያው ከተማ፣ ከዚያው የጣሊያን ዘር ተወለደች። በዕድሜ 60 ዓመት ሊበላለጡ የቀራቸው ጥቂት ወራት ነው። በ2014 «ቺክ ቱ ቺክ»፣ በ2021 «ላቭ ፎር ሴል» የተባሉ ሁለት አልበሞች አብረው አወጡ።

1. ዘፈኑ ቀድሞ በሆድሽ ይኑር።

ሁለቱ የተገናኙት በአስማሚ ወይም በኩባንያ ስብሰባ አልነበረም። በ2011 ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገ የበጎ አድራጎት ምሽት ላይ ጋጋ የናት ኪንግ ኮልን ዘፈን ዘፈነች። ቤኔት ከታዳሚው መሐል ነበር። ሲያበቃ ካላገኘኋት አለ፤ እንደተያዩም አብረን ሸክላ እንሥራ አላት። ልብ አድርጊ፤ ዘፈኑን ያጠናችው ለእሱ ብላ አይደለም። ከ4 ዓመቷ ጀምሮ ፒያኖ የነካካች ልጅ ናት፤ ያ ሁሉ የፖፕ ግርግር ከመምጣቱ በፊት ይህ ሙዚቃ ውስጧ ነበር።

አንቺስ? አቀናባሪው ከሚያቀርብልሽ ዝርዝር ውስጥ ስንቱን ነው ከልጅነትሽ ጀምረሽ የምታውቂው? ወጥ ቤት ቆመሽ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ስልክ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልትዘልቂው የማትችዪውን ዘፈን ከዝርዝሩ አውጪው። ሦስት ብቻ ከቀረሽ ሦስቱን ቅጂ።

2. በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት ተቀረጹ።

ዛሬ «ቅብብል» የሚባለው ዘፈን አብዛኛው ቅብብል አይደለም። አንዱ ሰኞ ይቀረጻል፣ ሌላው ሐሙስ፤ ባለ ሚክሲንጉ ያገናኛቸዋል። ቪዲዮው ላይ ነው መጀመሪያ የሚተያዩት። ይህ ያንቺ ዘመን በሽታ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ፍራንክ ሲናትራ በ1993 ባወጣው «ዱየትስ» ላይ እንግዶቹ ከእሱ ጋር ስቱዲዮ አልገቡም፤ ድምፃቸውን በስልክ መስመር ከሌላ ቦታ እየላኩ ነው የተቀረጹት። ሸክላው በገፍ ተሸጠ። እኔ ግን ስሰማው ሁለት ሰዎች በየበኩላቸው ብቻቸውን ሲያወሩ ነው የሚሰማኝ።

ቤኔት በዚህ ነገር ግትር ነበር። ባንዱ እዚያው፣ ዘፋኟ ፊት ለፊቱ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዘፈናል፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ልዩነቱን ከፒያኖዬ ሆኜ ልንገርሽ። ድራመሩ በጆሮው ክሊክ (የምት መቁጠሪያውን ድምፅ) ሲሰማ የሚያጅበው ክሊኩን ነው። ክሊኩ ሲነሣ ግን ዓይኑ ዘፋኙ ላይ ይተከላል። ሽማግሌው አንድ ቃል ላይ ጥቂት ከቆየ ቤዙ ይጠብቀዋል፣ ብሩሹ ይሳሳል፣ እኔም ጣቴን ከቁልፉ አላነሣም። አንቺ ደግሞ ትንፋሹን ሲስብ ታዪውና የራስሽን ትንፋሽ በዚያ ትለኪያለሽ። ይህን ምንም ዓይነት ኮምፒውተር በኋላ አያስገባልሽም። ደግሞ በዚህ ዓይነት ቀረጻ አንድ መስመር ብቻ ቆርጦ መለጠፍ አይቻልም፤ ያንቺ ማይክራፎን ውስጥ የእሱም ድምፅ፣ የድራሙም ድምፅ ገብቷልና። ስለዚህ ተዘጋጅተሽ ትሄጃለሽ። ጥሩ ነገሩም ይኼው ነው።

አንዳንዱ ባለ ስቱዲዮ «ወጪ ይበዛል፣ ለየብቻ እንቅረጻችሁ» ይልሻል። ለሙዚቀኞቹ የሁለት ቀን ልምምድ ክፈይና ቀረጻውን በአንድ ቀን ጨርሺ፤ ሒሳቡ ይቀራረባል።

3. ኪው የእሱ ይሁን።

የወንድና የሴት ድምፅ ምቹ ቦታው አንድ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አራት አምስት ኖታ ይራራቃል። አንድ ኪ (የዜማ ከፍታ) ላይ ከተቀመጣችሁ አንዳችሁ ወይ ትጮሃላችሁ ወይ ትሰምጣላችሁ። ጥሩ አቀናባሪ ዘፈኑን ከእሱ ወደ አንቺ ሲያሻግር ኪውንም ያሻግራል። ማሻገር ካልተቻለ አንቺ ተቸገሪ። ጉሮሮሽ ገና ነው።

4. ቃሉን ተናገሪው፣ አትጩኺው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና።

ቤኔት ከጦርነት ሲመለስ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች በሚከፍለው የትምህርት ገንዘብ ድምፅ ተማረ። ሚሚ ስፒር የምትባል መምህርት ነበረችው። ዘፋኞችን አትቅዳ፣ መሣሪያ ተጫዋቾችን ስማና እነሱን ምሰል አለችው። ዘፋኝ ከቀዳሽ ከተቀባዮቹ አንዷ ትሆኛለሽ፤ ፒያኖ ከቀዳሽ ግን ማንም ከማን እንደወሰድሽ አያውቅም። እሱም የፒያኖውን አርት ቴተምንና የሳክስፎኑን ስታን ጌትዝ ያዘ። ዘፈኑን ስትሰሚው ያንን ታገኚዋለሽ፤ አንዱን ሐረግ ከቢቱ ወደኋላ ቀረት አድርጎ ይጀምረዋል፣ ቀጣዩን ጠቅለል አድርጎ ይደርስበታል። የእኛ ትዝታ ዘፋኞችም ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ከሩቅ የምትዋሺው ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ማይክራፎኑን እወቂው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ኤሌክትሪክ ማይክራፎን ከመምጣቱ በፊት ዘፋኝ አዳራሹን ለመሙላት መጮህ ነበረበት። ከዚያ እነ ቢንግ ክሮስቢ መጡና በለሆሳስ ዘፈኑ፤ ክሩነር የሚሏቸው እነሱን ነው። ማይክራፎን ስትጠጊው ወፍራሙን ድምፅሽን ያጎላዋል፣ ስትርቂው ያሳሳዋል። እናም ከፍ ባለው ኖታ ላይ ድምፅሽን ከመጨመር ይልቅ አንድ ጋት ወደኋላ በዪ። ዝቅ ባለው ላይ ተጠጊ። ቤኔት ግን ይህን ሁሉ እያወቀ በትልልቅ አዳራሾች አንዱን ዘፈን ማይክራፎኑን አስቀምጦ በባዶ ድምፁ ይዘፍን ነበር። ለጉራ ይመስላል፣ ትንሽም ጉራ አለበት፤ ነገር ግን በየቀኑ ስኬል የሚለማመድ ሰው ብቻ የሚደፍረው ጉራ ነው።

ሦስተኛ፣ የዘፈኑን አጥንት እይው። ከእነዚህ ዘፈኖች አብዛኞቹ በ1920ዎቹና 50ዎቹ መካከል ለቲያትርና ለፊልም የተጻፉ ናቸው፤ የተለመደው ቁመታቸው 32 ባር ነው፦ አንድ ዜማ ሁለቴ ይመጣል፣ ሌላ ዜማ መሐል ይገባል፣ የመጀመሪያው ይመለሳል። ሲመለስ እንደ መጀመሪያው አድርገሽ ከዘፈንሽው ሰሚው ይተኛል። ቃሉ ያው ቢሆንም መሐል ላይ የሆነ ነገር ደርሶብሻል፤ ያ ይሰማ። ኢርቪንግ በርሊን በ1935 ለፍሬድ አስቴር ፊልም የጻፈው፣ አልበማቸውን የሰየሙበት «ቺክ ቱ ቺክ» ደግሞ ከልማዱ ወጥቶ 72 ባር ይሄዳል። ትንፋሽሽን ሳታከፋፍዪ ከጀመርሽው ማለቂያው ላይ አትደርሺም።

ኮል ፖርተር በ1932 የጻፈውን «ናይት ኤንድ ዴይ» ደግሞ ለልምምድ ያዢው። መግቢያው ላይ አንዱን ኖታ 35 ጊዜ ይደጋግመዋል። ዜማ የለም በይው፤ ከሥሩ የሚለዋወጡት ኮርዶች ብቻ ናቸው። ያን ስትዘፍኚ የሚረዳሽ ቪብራቶ የለም፣ ማስዋቢያ የለም፣ ያለሽ ቃሉ ነው። እያንዳንዱን ቃል ለአንድ ሰው እንደምትነግሪ ሆነሽ ካላልሽው 35ቱ ኖታ እንደ ውሃ ጠብታ ያሰለቻል።

ጋጋ ራሷ በመጀመሪያው አልበም ላይ አልፎ አልፎ ድምፅዋን ስትገፋው እሰማታለሁ፤ አዳራሽ የለመደ ጉሮሮ ትንሽ ክፍል ሲገባ የሚያመጣው ጠባይ ነው። በሁለተኛው ላይ ረጋ ብላለች። ልብሱንና ዊጉን አልተወችም፣ መተውም አልነበረባትም። ድምፁን ግን አራቆተችው።

5. ስትፈሪ ንገሪው።

መጋቢት 2011 ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ። ቤኔት ከወጣቷ ዘፋኝ ከኤሚ ዋይንሃውስ ጋር «ቦዲ ኤንድ ሶል»ን ሊቀርጽ ቆሟል። ልጅቷ የምታመልከው ሰው ጎን ቆማ እየተንቀጠቀጠች ነው። ትጀምራለች፣ ታቆማለች፣ ይቅርታ ትላለች፣ በራሷ ትበሳጫለች። በ2015 በወጣው ስለ እሷ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ላይ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ሰዓቱን አላየም። በዝግታ እያወራት በአዘፋፈኗ ውስጥ ዳይና ዋሽንግተንን እንደሚሰማ ነገራት። ፊቷ በራ። ዳይና የልቧ ዘፋኝ ነበረችና። ከዚያ በኋላ ዘፈነች። በዚያው ዓመት ሐምሌ በ27 ዓመቷ ሞተች፤ ቀረጻው ግራሚ ያገኘው ከሞተች በኋላ ነው።

ጋጋም ወደ እሱ የመጣችው ደክሟት ነበር። ድምፅዋን በማሽን እያለሰለሱ የሚሸጡላት ሰዎች አሰልችተዋት መዝፈን እስከማቆም አስባ እንደነበር በወቅቱ ተናግራለች። ቤኔት ያኔ የጃዝ ባንድ መሪውን የዱክ ኤሊንግተንን ሁለት ሕግ ነገራት፤ የመጀመሪያው አታቋርጥ የሚል ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ሕግ ስማ። (ከእኔ ቁጥር ጋር ሲወዳደር አጭር ነው፤ ምን ላድርግ።)

ኤሊንግተንን ካነሣሁ አይቀር፣ እኛም እናውቀዋለን። በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ከእኛው ሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሠርቷል፣ ጃንሆይም ኒሻን ሸልመውታል። ከዚያ ዓመት ሳይሞላው በግንቦት 1974 አረፈ። «ቺክ ቱ ቺክ» አልበም ላይ የእሱ ዘፈኖች አሉ። የኤሊንግተን ቀኝ እጅ የነበረው ቢሊ ስትሬይሆርን ገና በወጣትነቱ የጻፈውን «ለሽ ላይፍ»ን ጋጋ ብቻዋን ዘፍናበታለች። ዜማው ወዴት እንደሚታጠፍ የማይታወቅ፣ ልምድ ያለውን ፒያኒስት ላብ በላብ የሚያደርግ ዘፈን ነው። አንቺ ለጊዜው አትንኪው።

6. የደራሲውን ድርሻ አስቀድሚ።

የድሮ ዘፈን ስለሆነ ባለቤት የለውም እንዳትዪ። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማው የማን ነው? ያ አንጋፋ የዘፈነው ሁሉ የእሱ አይደለም። እኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ብቻ በእኛው አቆጣጠር ነው) አለ። ደራሲው በሕይወት ካለ ሄደሽ ተቀምጠሽ፣ ቡና ጠጥተሽ፣ ከዚያ በወረቀት ተዋዋዪ፤ ከሌለ ልጆቹን ፈልጊ። የአንጋፋውንም ክፍያ «ለክብሩ» በሚል እንዳያሳንሱበት። ክብር ኪራይ አይከፍልም።

ስለ ሽያጭ አንድ ነገር ብቻ፤ «ቺክ ቱ ቺክ» በመጀመሪያው ሳምንት 131,000 ቅጂ ተሸጦ የቢልቦርድ አንደኛ ሆነ፤ ቤኔትም በ88 ዓመቱ አንደኛ አልበም ያለው ትልቁ አዛውንት ተባለ። ሁለተኛው አልበም የጀመረው ከ8ኛ ነው። የተሻለው ግን ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ።

7. ሲደክም አታጋልጪው።

በ2016 ቤኔት የአልዛይመር በሽታ እንዳለበት ታወቀ። ቤተሰቡ ለዓለም የነገረው በየካቲት 2021 ነው። «ላቭ ፎር ሴል» የተቀረጸው በእነዚህ መካከል፣ ከ2018 እስከ 2020 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ጋጋ ስቱዲዮ የገባችው ትናንት የሆነውን ዛሬ ከማያስታውስ ሰው ጋር ነው።

ሰዎች «ታዲያ በሽተኛውን ሰው ለምን መድረክ ላይ አወጡት?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን የነርቭ ሐኪሙ ራሷ መዝፈኑን እንዳያቆም ትገፋፋው እንደነበር ሰማሁ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ቤቱ ድረስ ሄዶ ሲቀርጸው ፒያኒስቱ ሊ ሙዚከር ሲጀምርለት ያ የት እንዳለ ግራ የገባው ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ወረቀት ዘፈነ። ጋጋም በዚያው ዝግጅት ላይ ያለችው ነገር ቁም ነገር አለው፦ ሙዚቃው ሲጀምር እሱ የሚያደርገውን ያውቃል፣ የእኔ ሥራ መንገዱ ላይ አለመቆም ነው።

ነሐሴ 3 እና 5፣ 2021 ኒው ዮርክ ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ አብረው የመጨረሻውን ኮንሰርት አቀረቡ። የመጀመሪያው ምሽት 95ኛ ልደቱ ነበር። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ስትወጣ ስሟን ጠራ። ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ስሟን ጠርቶት አያውቅም። ዘፍኖ ሲያበቃ እጁን ይዛ አብራው ወጣች። ይህንን የሰው ልጅ ሁሉ እያየው ነው፣ አንድም ጊዜ ግን «እዩት፣ ምስኪን» የሚያሰኝ ነገር አላደረገችም።

ያንቺም ሽማግሌ አልዛይመር ባይኖርበትም ያረጃል። ስለዚህ፦ አንድ ባር ቀድሞ ከገባ አብረሽው ግቢ፤ ባንዱ ይከተላችኋል፣ ታዳሚው አያውቅም። ግጥም ከጠፋበት ቃሉን በሹክሹክታ አታቀብዪው፣ አንቺ መስመሩን ዘፍኚውና እሱ ቀጣዩን ይዞ ይግባ። ልምምድ ላይ የተሳሳተውን ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ልጅ ካለ ስልኩን ተቀብለሽ አጥፊው። ልምምድ ጠዋት ይሁን፤ ሽማግሌ ከሰዓት በኋላ ይደክማል። ወንበር ሳይጠይቅ ይቅረብለት፤ ከአንቺም ጎን ሁለተኛ ወንበር ይኑር፣ ብቻውን እንዳይቀመጥ። «ጋሼ፣ ይህን በዚህ ኪ ብንለው ምን ይመስልዎታል?» እያልሽ አታስጨንቂው። «ጋሼ፣ ትዝታን እንጀምር?» በይው፤ እሺ ይልሻል።

8. ከእሱ በኋላም ዝፈኚው።

ቤኔት ሐምሌ 21፣ 2023 በ96 ዓመቱ አረፈ። ጋጋ ከዚያ በኋላ ዘፈኖቹን ከእሱ ጋር አልቀበረቻቸውም። ላስ ቬጋስ ላይ በ2019 የጀመረችውን የጃዝና የፒያኖ ዝግጅት እስከ 2024 ቀጥላበት ነበር፤ በዚያው ዓመት ደግሞ «ሃርለኩዊን» የሚል አልበም ብቻዋን አወጣች። እነዚያኑ የመሳሰሉ የድሮ ዘፈኖች ናቸው፣ አያያዙ ግን ሌላ ነው፤ ሻከር ያለ፣ እንደ ልቧ የተቀላቀለ፣ ቤኔት በሕይወት ቢኖር ቅንድቡን የሚያነሣበት። እኔም ጥቂቱን አልወደድኩትም። ግን የሚገባው ይኸው ነበር፤ ቃሉን መናገር ከተማረች በኋላ በራሷ አፍ ትናገር። በክንዷ ላይ ያስነቀሰችው ትረምፔት ቤኔት የሳለው ነው፤ አስተማሪዋን እንደማትክድ ለማሳየት ያ ይበቃል፣ ድምፁን መቅዳት አይጠበቅባትም።

አሁን የዘፈኖቹን ዝርዝር ጽፈሽ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም አክለሽ ይዘሽልኝ ነይ። አንጋፋውን ደረጃ አታስወጪው፤ እኔ ጎረቤት ያለውን ምድር ቤት ፒያኖ አስፈቅጃለሁ። ቅኝቱ ትንሽ ወርዷል፣ ለኪ መፈተሻ ግን ይበቃል።